ደብተሬን ከኋላ ሲከፍቱት

ሰው ምን ይረሳል ብትሉኝ፣ ነገሩን አይረሳም፤ ከማን እንደሰማው ነው የሚረሳው። ነገሩ ቤት ገብቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ እንደ ባለቤት ይቀመጣል። ይዞት የመጣው ሰው ግን ደጅ ይቀራል።

ባለቤቴን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከሉማሜ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ገባ። መንገድ ላይ አንድ አዋቂ ሰው አግኝቷል። ሰውየው፣ ሽምብራ ነቀዝ እንዳይገባበት የደረቀ በርበሬ ጣል ጣል ማድረግ ነው ብሎ መክሮታል። "ለካ እንዲህ ቀላል ነው" ይለኛል። እኔ ይህን ስነግረው ዐሥራ ምናምን ዓመቴ ነው። በርበሬውም እዚያው ሽምብራው መሀል ተቀምጦ ይሰማዋል። ምን ልበል? "ደግ ሰው አግኝተሃል" ብዬ ራቱን አቀረብኩ።

ግን አልፈርድበትም። እኔ ከዚያ የባሰ ሠርቻለሁ። የኔ መርሳት ልጄን ከጋብቻዋ ሊያስቀራት ጥቂት ነበር የቀረው። ዛሬ የማወጋችሁ እሱን ነው። ታዲያ መጀመሪያ ስለ ደብተሮቼ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይያዝላችሁም።

ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በላይ አልሄድኩም፤ እስክሪብቶ ግን ከእጄ ጠፍቶ አያውቅም። ቢቸና ትዳር ይዤ ከገባሁ ጀምሮ የሰማሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። የድልህ ልክ፣ የሕፃን ሆድ ሲነፋ የሚደረገው፣ የማን ተዝካር መቼ እንደሚውል፣ ማን የማን የክርስትና ልጅ እንደሆነ። አራት ደብተር ሞልቻለሁ። ደብተሮቹ ደግሞ ይተዋወቃሉ። ሰማያዊው ላይ ስለ ሽሮ ስጽፍ "ቅመሙን ቀዩ ደብተር ላይ እይ" እላለሁ። ቀዩ ጋ ስትደርሱ "ለፍስክ ከሆነ ወደ አረንጓዴው ተመለስ" ይላችኋል። አንድ ጊዜ እኔ ታምሜ ብተኛ ባለቤቴ ሽሮ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ከደብተር ወደ ደብተር ሲመላለስ ረፈደበት። በመጨረሻ ዳቦ ይዞ መጣ።

አራተኛው ጥቁር ልባስ አለው። እሱ ሁለት ፊት ነው። ከፊት ስትከፍቱት እንደ ሌሎቹ ነው። ገልብጣችሁ ከኋላ ስትከፍቱት ግን ኃጢአቴ ነው።

አትሳቁብኝ። የነፍስ አባታችን ዘንድ ስቀርብ ሁሉ ነገር ይጠፋኝ ነበር። "አባ፣ በድያለሁ" እላለሁ። "ምን በደልሽ ልጄ?" ይሉኛል። እሱን ረስቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው አባ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ፣ "ልጄ፣ ይቅር የሚባል ነገር ይዘሽ ነይ እንጂ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ኃጢአቴን ከሠራሁበት ቀን ሳላሳልፍ እጽፈዋለሁ። ተናዝዤ ስመለስ በአንድ መስመር እሰርዘዋለሁ። ቀድጄ ልጣለው ብል አይሆንም። ደብተሩ ከሁለት ወገን እየተሞላ መጥቶ መሀል ላይ ስለተገናኘ፣ ከኃጢአቴ ጀርባ የዶሮ ወጥ ቅመም ተጽፏል። ኃጢአቱ ይጣል፣ ቅመሙ ግን የዓመት በዓል ነው።

የመጀመሪያ ልጄ ማስተዋል ትባላለች። እንደ ስሟም ሆነች፤ ተምራ እዚሁ ቢቸና አስተማሪ ሆነች። ክረምት ክረምት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ላፕቶፕ ገዝታ አንድ ነገር ጫነችበት፤ ዊኪ ይሉታል። ምንድነው ብላት፣ "እማዬ፣ ያንቺ ደብተሮች ናቸው፤ እነዚህ ግን ሲጠሯቸው ይመጣሉ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ገጽ ትጽፋለች። ከገጹ ውስጥ አንዱን ቃል ነካ ስታደርግ ሌላ ገጽ ይከፈታል። ከሽሮ ወደ ቅመሙ፣ ከቅመሙ ወደ ነገረችኝ ሴት፣ ከሴትየዋ ወደ ልጆቿ። አባቷ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ "ይሄ ያኔ ቢኖር ሽሮ እበላ ነበር" ብሎ ወጣ።

ደብተሮቼን በስልኳ ፎቶ እያነሣች ወደዚያ አስገባቻቸው። ሁሉንም፣ ከልባስ እስከ ልባስ። የጥቁሩን የኋላውን ተይው ብላት፣ "አላነበውም፤ ግን ደብተር ተጎርዶ አይቀመጥም" አለችኝ። ቃሏንም ጠበቀች። የቀረውን ግን መብራት በመጣ ቁጥር እያነበበች መጻፍ ያዘች።

ችግር የመጣው ከገጹ ግርጌ ነው። ግርጌው ላይ "ምንጭ" የሚል ቦታ አለ። ማን አለ? መቼ አለ? እሱስ ከማን ሰማ? ምንጮቹ ለብቻቸው ዝርዝር አላቸው፤ ለእያንዳንዱም አጭር መጠሪያ ታወጣለታለች። የኔ ጥቁር ደብተር "እናቴ አራት" ይባላል። አባቷ "አባቴ ከገበያ" ተብሎ ገብቷል። ይህንን ሲሰማ ቅር ብሎታል።

"እማዬ፣ ነጭ ሽንኩርት ለጆሮ ሕመም ይላል። ማን ነው ያለው?"

"ሰው ይላል።"

"ሰው ማነው? የአባቱ ስም ማን ይባላል?"

እንዲህ ታደርቀኛለች። በፊት በፊት ተናደድኩ። ኋላ ግን ወደድኩት። የዚያን ሁሉ ዓመት ጽሑፍ ማን እንደነገረኝ ማስታወስ፣ የሄዱ ሰዎችን ቤት ለቤት ዞሮ እንደመጠየቅ ነው። የሕፃን ሆድ መድኃኒቱን የነገረችኝ ከደብረ ኤልያስ የመጣች አዋላጅ ናት። ድልሁ የጎረቤቴ የዘነቡ ነው። ዘነቡ ካረፈች ቆይታለች፤ ነፍሷን ይማረው። ስሟም ከግርጌው ተጻፈ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ አንዱ ሕጓ ነው። "ይህንንማ ሦስት ሰው ነግሮኛል" ስላት፣ "ሦስቱ ከማን ሰሙት?" ትላለች። ሦስቱም ከአንድ ሰው ከሰሙ አንድ ብላ ነው የምትጽፍ። ይታያችሁ፤ ሦስት ጠቦት ደጅ ቆሞ እያያችሁ፣ እናታቸው አንድ ስለሆነች በጉ አንድ ነው እንደማለት ነው። እኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

በሽታው ወደኔም ተጋባ። ማኅበር ላይ አንዷ፣ ጤና አዳም ለዚህ ይሆናል ስትል፣ "ከማን ሰማሽው?" እላለሁ። ሌላዋ፣ እገሊት ልትዳር ነው ስትል፣ "እሷ ነገረችሽ ወይስ ሰው?" እላለሁ። ሴቶቹ እኔ ስገባ ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ። ባለቤቴም፣ "አደራሽን ቅዳሴ ላይ እንዳትጠይቂ" አለኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ነው ማስተዋል ከይበልጣል የተዋወቀችው። የሞጣ ልጅ ነው፤ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ እዚያው ትምህርታቸው ላይ ተገናኙ። ስለሱ ስትነግረኝ ላፕቶፑን ዘጋች። ልጄ ላፕቶፕ ዘግታ ስታወራኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያው ገባኝ። ልጁንም አመጣችው። ረጋ ያለ ነው፤ ሰው ሲናገር ያዳምጣል። ለባለቤቴ የሽምብራውን ነገር ሳይሰለች ሁለት ጊዜ ሰማለት። ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ?

እኛ አገር ጋብቻ ከመፈቀዱ በፊት ዘር ይቆጠራል። ሁለቱ ሰባት ቤት ሳይሞላ ከተገናኙ ወንድምና እህት ናቸው። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በአባቷ በኩል ተቆጠረ፤ ጠራ። በኔ በኩል ግን ቀዳዳ አለ። እናቴ የሉማሜ በኩል ሰው ናት፤ ገና በጨቅላነቷ እናቷ ስለሞተችባት የእናቷን ወገን አታውቅም ነበር። እኔም በእሷ በኩል ከሦስት ቤት በላይ መቁጠር አልችልም። ሽማግሌዎቹ፣ ያልታወቀ አያስከለክልም ብለው ሊያልፉት ሲሉ ከሞጣ ወሬ መጣ።

የይበልጣል የእናቱ አባት አቶ አድማሱ የሚባሉ ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። ወሬው፣ እኚህ ሰው ለእኔ እናት የአክስት ልጅ ናቸው የሚል ነው። ቁጠሩት እንግዲህ። ማስተዋልና ይበልጣል በአራት ቤት ተገናኙ። ወሬውም ከአንድ ሰው አልመጣም። የይበልጣል አጎት፣ የአባቱ ወንድም፣ ይላል። የአጎቱ ጎረቤት ይላል። ሞጣ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ይላሉ። ሦስት።

እኔንስ ሲጠይቁኝ ምን አልኩ መሰላችሁ? ትንሽ አሰብኩና፣ "አዎ፣ እናቴ ሞጣ ዘመድ አላት ሲባል የሰማሁ ይመስለኛል። የአክስቷ ልጅ ሳይሆን አይቀርም" አልኩ። አራተኛ ምስክር ሆኜ አረፍኩት።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጎረቤታችን አያ ሙጬ ናቸው። ነገር ማብረድ ያውቁበታል፤ ምርቃታቸውም በአካባቢው የታወቀ ነው። "እንግዲህ እታለም፣ እግዜር ያልፈቀደውን እኛ ምን እናድርግ" ብለው ምርኩዛቸውን አነሡ። ያን ቀን ሳይመርቁ ሄዱ።

ማስተዋል አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ቀን በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ሰነበተች፤ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ "አይቸግራችሁ" ትላለች። ይበልጣል ሲደውል አታነሣም። አንሺው እንጂ ብላት፣ "ምን ብዬ? ወንድሜ ልበለው?" አለችኝ። እኔም ወደ ጓዳ ገብቼ ለእመቤቴ ነገርኳት። ልጄን ለሌላ ስጪልኝ አላልኩም። ይህንኑ አጥሪልኝ ነው ያልኩት።

በአራተኛው ቀን ማስተዋል ላፕቶፑን ከፈተች። "አቶ አድማሱ" የሚል ገጽ ጻፈችና ከግርጌው አራት ምንጭ ደረደረች።

"አራተኛዋ አንቺ ነሽ እማዬ። አንቺ ከማን ሰማሽ?"

"እሱን አላስታውሰውም።"

"እንግዲያው ከሌሎቹ ልጀምር።"

ስልክ ያዘች። የይበልጣል አጎት ከጎረቤቱ ነው የሰማው። ጎረቤቱ ከጡረተኛው አስተማሪ። አስተማሪው ደግሞ እማሆይ ጠጄ ከሚባሉ፣ የሞጣን ዘር በቃላቸው ከሚያውቁ መነኩሲት። ማስተዋል አንድ ባንድ ሰረዘችና፣ "ጠቦቶቹ እናታቸው አንድ ናት" አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ፈገግታዋን ያየሁት ያኔ ነው።

በማግሥቱ በመጀመሪያው መኪና ወደ ሞጣ ሄድን።

እማሆይ ጠጄ መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ልባቸው ግን ደህና ነው። ማስተዋል ጉልበታቸውን ስማ ጠየቀቻቸው። "እማሆይ፣ አቶ አድማሱ ቢቸና ዘመድ እንዳላቸው ከማን ነው የሰሙት?"

"ከማን ልስማ ልጄ፣ ከራሷ ከሴትየዋ አፍ ነዋ" አሉ። "የለቅሶው ዕለት ድንኳን ውስጥ ከጎኔ ነበረች። ከዘነቡ ጋር የመጣች ቀጭን የቢቸና ሴት። ከልጆቹ በላይ አለቀሰች። ምንሽ ነበሩ ብላት፣ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እጇን ይዤ ከቤተ ዘመዱ መሀል አስቀመጥኳት። እንደዚያ ያለ ዘመድ ዛሬ ከየት ይመጣል?"

ማስተዋል ትጽፋለች። እኔ ግን ድንኳኑ መጣልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአቶ አድማሱ ዘመድ ዘነቡ ናት፤ የድልሁ ባለቤት። እግሯን ስለሚያማት እኔ ደግፌያት ሄድኩ። ሟቹን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ግን እናቴ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም። አልቃሿ ስትጀምር የእናቴ ሐዘን ተነሣብኝ። በሰው ለቅሶ የራሴን አለቀስኩ። ቀና ስል የሟቹ ልጆች ዝም ብለው እኔን ያያሉ። ከጎኔ ያሉት መነኩሲት፣ ምንሽ ነበሩ አሉኝ። ምን ልበላቸው? በዚያ ሁሉ ዕንባ ላይ፣ ምኔም አይደሉም ልበል? አጎቴ እንዳልል በጣም ቀረበብኝ። የእናቴ የአክስት ልጅ ራቅ ያለ መሰለኝ፤ ማንንም የማይጎዳ።

"እማሆይ፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ጠጋ ብለው በእጃቸው ፊቴን ዳሰሱት። ትከሻዬንም ዳሰሱት። "አይደለሽም" አሉ። "ያቺ ቀጭን ነበረች።"

ከግቢው ወጥተን መኪናው ጋ ልንደርስ ስንል ማስተዋል ቆመች።

"እማዬ።"

"አቤት።"

"አራተኛዋም አንቺ፣ የሦስቱ እናትም አንቺ።"

"እንዲያ ሆነ።"

"ራስሽ የዋሸሽውን መልሰው ሲነግሩሽ አመንሽ?"

"በጣም እርግጠኛ ሆነው ነዋ የነገሩኝ።"

መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር፤ አይቻታለሁ። ከዚያ ሳቋ ቀደማት። ከሞጣ እስከ ቢቸና ስትስቅ፣ ዝም ስትል፣ እንደገና ስትስቅ ገባን። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ውሸትን ለመንገር እንጂ ለመመለስ ምን ያስቸግራል ብዬ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ዋንዛው ሥር ተቀመጡ። አባም አሉ። የይበልጣል አጎት ከሞጣ መጥቷል። ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ውሸቴን ነበር አልኩ። አጎትየው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እታለም፣ አይቀየሙኝና፣ ልጇን የምትድር እናት ምን የማትለው አለ? ያኔ ሲናገሩ የሚያገኙበት ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን አለ። ስለዚህ የሚታመነው የያኔው ነው።"

አያ ሙጬ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነትም ክፉ አላለም፤ እኔም ብሆን እንደዚያ እፈርድ ነበር። ግን እዩልኝ እንግዲህ፤ ውሸቴ አራት ምስክር አለው፣ እውነቴ አንድ የለው። ዘነቡ ብትኖር ትናገርልኝ ነበር። ከዘነቡ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የነፍስ አባቴ። ይህንን ተናዝዤዋለሁ፤ አርባ ስግደት ተሰጥቶኝ ሰግጃለሁ።

አያ ሙጬም አሰቡት መሰል ወደሳቸው ዞሩ። "አባ፣ ይህን ነገር ከዚህ በፊት ሰምተው ያውቃሉ?"

አባ ዋንዛውን ቀና ብለው አዩት። "እኔ የሰማሁት የለም። ብሰማም አልሰማሁም" አሉ። ልክ ናቸው፤ ንስሐ አይወጣም። ያን ሰዓት ግን ማስተዋልን አየኋት። ከበሩ መቃን ተደግፋ ቆማለች። ያ የእንግዳ ፊቷ ተመልሷል።

አባ አሁንም ዋንዛውን እያዩ፣ "እኔ ሰውን የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው" አሉ። "ይቅር የሚባለውን ይዛችሁ ኑ እላለሁ። የሰማኝ ይዞ ይመጣል።"

ጥቁሩ ደብተር።

ሮጬ ገባሁና አወጣሁት። ገልብጬ ፈለግሁ፤ አገኘሁት። "ይኸው" አልኩ። "ያን ሰሞን ነው የጻፍኩት። በዘመነ ማርቆስ፣ በፍልሰታ መግቢያ።"

"ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ይመጣል" አሉ አያ ሙጬ። አጎትየውም፣ "ትናንት ማታ ለመጻፉስ ምን ማረጋገጫ አለ?" አለ።

ይኼኔ ማስተዋል ላፕቶፑን ይዛ መጣች። ተንበርክካ ፊታቸው አስቀመጠችው። "እናቴ አራት" የሚለውን ከፈተችና የመጨረሻዎቹን ፎቶዎች አወጣች። ፎቶው የተነሣበት ቀን ከግርጌው አለ። ሁለት ክረምት አልፎታል። "ይህን ሳነሣ ይበልጣል የሚባል ሰው መኖሩን አላውቅም" አለች። "ያለውንም አላነበብኩትም። ዛሬም አላነብም፤ ቃል ገብቻለሁ።" አጎትየው አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ደብተሩን ያያል። የሰረዙ መስመር ያው ነው። ከጀርባው ቅመም ዘልቆ የመጣው የወጥ ጠብታ ሳይቀር በቦታው አለ።

"እንግዲያው ይነበብ" አለ።

"የለቅሶዋን መስመር ላንብብላችሁ" ብል አያ ሙጬ እጃቸውን አነሡ። "የለም እታለም። ተቆርጦ የተነበበ ነገር ምስክር አይሆንም። ከላይም ከታችም ይነበብ።"

ገጹን አየሁት። ከላይ ያለውን አየሁ። ከታች ያለውን አየሁ። ልዝጋው ይሆን አልኩ። ልጄን አየሁ። አነበብኩ።

"ዓርብ ነው ብዬ ሳላስብ ቅቤ የነካ ጣቴን ላስኩ።

"በሞጣው ለቅሶ የማላውቃቸውን ሰው የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው ብዬ ዋሸሁ። ከቤተ ዘመድ ጋር ተቀምጬም በላሁ።

"አያ ሙጬ ሲመርቁ፣ ምነው ባሳጠሩት ብዬ በልቤ አጉረመረምኩ።"

ከደብተሩ ቀና አልኩ። አያ ሙጬ፣ "አለቀ?" አሉ። አላለቀም።

"አያ ሙጬ ዛሬም መረቁ። ዛሬም አጉረመረምኩ።"

ባለቤቴ ሳል ያዘው። አባ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ጋቢው ግን ይንቀጠቀጣል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀስ ብለው፣ "እኔም አጉረምርሜያለሁ፤ አልጻፍኩትም እንጂ" አሉ። ያኔ የግቢው ሰው ሁሉ ሳቀ።

አያ ሙጬ አልሳቁም። ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አድርገው አሰቡ። ቀጥለው፣ "ይህ ጽሑፍ እውነት ነው" አሉ። "ሽማግሌ ፊት የሚነበብ መሆኑን አውቆ ይህን የሚጽፍ ሰው የለም። ዘመድነቱ የለም። ልጆቹ ይጋቡ።" ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ምን ያህል ነው የሚረዝመው?"

"ወጡ ይቀዘቅዛል፣ አያ" አልኩ።

ሠርጉ ተሠራ። የምርቃቱ ሰዓት ደረሰ፤ አያ ሙጬ ተነሡ። ሰዉ ለረጅሙ ተዘጋጅቶ እጁን ዘረጋ። እሳቸው እኔን አዩኝና፣ "ውለዱ፣ ክበዱ። አሜን" ብለው ተቀመጡ። ሰዉ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። አሁን ይሄ ምን ይባላል? እናት ነኝ፤ ለልጄ ሠርግ ረዘም ያለ ምርቃት አማረኝ። ሄጄ እግራቸው ሥር ወድቄ ለመንኳቸው። እምቢ፣ እምቢ ብለው ብለው ተነሡ። አብርሃምንና ሣራን ጠሩ፤ በሬውን፣ ላሟን፣ ዝናሙን፣ የልጅ ልጅን ጠሩ። ወጡ ቀዘቀዘ። የኔ ዕንባ ግን አልደረቀም።

እማሆይ ጠጄ ዛሬም አላመኑም። ሞጣ የተዳረችውን ማስተዋልን ልጠይቅ ስሄድ በየድግሱ ከቤተ ዘመድ መሀል ያስቀምጡኛል። "የአድማሱ ዘመድ አይደለችም ብለው ነበር፤ ይኸው ተመልሳ መጣች" ይላሉ። አሁን በጋብቻ ዘመድ ሆኜ፣ አይደለሁም እንዳልል ሌላ ውሸት ሊሆንብኝ ነው።

እኔ ድሮ ከፊት በኩል በቀይ እስክሪብቶ፣ በንጹሕ ጽሕፈት የጻፍኩት ነበር የሚያኮራኝ። ከኋላ ያለውን ደብቄ ነው የኖርኩ። ማስተዋል ግን ከምንጮቿ ዝርዝር ላይ ከ"እናቴ አራት" ጎን ምን ብላ እንደጻፈች አሳየችኝ፦ "ከፊት ያለው ይጣራ፤ ከኋላ ያለው ይታመናል።" ወሬውም ጎረቤት ደረሰ። አሁን ለሴቶቹ የድልህ ልክ ስነግራቸው አንዷ ቀና ትልና፣ "ይሄ ከፊት ነው ከኋላ?" ትለኛለች።

እናንተም ይህን እንደምትጠይቁኝ ስለማውቅ፣ ወጋችንን አዲስ ደብተር ገዝቼ፣ እሱንም ገልብጬ ነው የጻፍኩት።